የእባብ ቆዳ ከመቃጠሉ በፊት

ጎተራ ሲጠረግ፣ የሣር ክዳን ሲታደስ ወይም አሮጌ የድንጋይ ካብ ሲፈርስ አንዳንዴ አንድ ነገር ብቅ ይላል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ፣ እባብ ጥሎት የሄደ ቆዳ። ያገኘው ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ በእንጨት ጫፍ አንስቶ ከአጥር ውጭ ይወረውረዋል፤ አለዚያም እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። ቀጥሎ ጎረቤት ይጠራና ዱላ ይዞ ባለቤቱን ፍለጋ ይገባል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ተረቱ የሚስቀው በከንቱ በሚደነግጥ ሰው ነው። እዚህ ላይ ግን የተገኘው ልጥ አይደለም። እባቡ ራሱ ለብሶት የኖረ ነው፤ የማን እንደሆነም ከሞላ ጎደል ተጽፎበታል። ሰው ግን ማስረጃውን አቃጥሎ አደገኛውን ፍለጋ ይሄዳል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጣለው ቆዳ አይናደፍም፣ አያመልጥም፣ መርዝም የለውም። በዱላ የሚሳደደው እባብ ግን እነዚህ ሁሉ አሉት። እባብ ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲሞክር የሚነደፍ ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። «ሞተ» ተብሎ በእጅ የተነሣ፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ እባብ እንኳ መንደፍ ይችላል።

ይህ የአንድ ጓሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጻፈ ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ በዓለም ላይ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነደፋል፤ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ የሚሆነው ይሞታል፤ ከሞቱት ብዙ እጥፍ የሚሆኑት ደግሞ እጅ ወይም እግር ያጣሉ፣ አካላቸው ይጎዳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በ2019 ባወጣው ዕቅድም ሞቱንና አካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ግብ አስቀምጧል።

በኢትዮጵያ የሚነደፈው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመተማ፣ በሁመራና በአብደራፊ የሰሊጥ እርሻ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያጭደው፣ ሲመሽ መሬት ላይ የሚተኛው፣ ከደጋ ወርዶ የመጣው የቀን ሠራተኛ ነው። እረኛው ልጅ ነው። በማታ ውኃ የምትቀዳው እናት ናት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብደራፊ ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ጎን ለጎን ሲያክሙ መቆየታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሁለቱም የሚያገኙት ያንኑ መሬት ላይ የሚተኛ ሠራተኛ ነው።

ታዲያ የወደቀ ቆዳ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ያለው ማርከሻው አሠራር ላይ ነው።

የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ፈረስን በጥቂት በጥቂቱ መርዝ በመውጋት ነው። ፈረሱ መርዙን የሚከላከል ነገር በደሙ ውስጥ ያመርታል፤ እሱ ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል። ስለዚህ ማርከሻው የሚሠራው መርዙ ለተወሰደበት እባብና ለቅርብ ዘመዶቹ ነው። ለሌላው ብልቃጥ ውስጥ ያለ ውድ ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም ይብሳል፤ በሽተኛውን የማይጠቅመው ማርከሻም ቢሆን ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል።

ጋና ይህን በሰው ሕይወት ተምራለች። በአንድ የገጠር አካባቢ ሲሠራበት የቆየው ማርከሻ ለአፍሪካ ተብሎ በቀረበ ሌላ ማርከሻ ተተካ። በመጀመሪያው የታከሙት የሞት መጠን ከመቶ 1.8 ነበር። በአዲሱ 12.1 ሆነ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው «ለአፍሪካ» ይላል፤ የአካባቢው እባብ ግን ጽሑፍ አያነብም። አሥር የአፍሪካ እባቦችን ይሸፍን የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለውን ማርከሻ ደግሞ አምራቹ ሳኖፊ በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ክምችት የአገልግሎት ዘመኑ በሰኔ 2016 አለቀ። ከዚያ ወዲህ ገዢ አገር ሁሉ ከተለያዩ አምራቾች መምረጥ ግድ ሆኖበታል። የሚመርጥ ሰው ደግሞ በየወረዳው የሚሳበው የትኛው እባብ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ኢትዮጵያ ይህን ምን ያህል ታውቃለች? አንድ ምሳሌ ይበቃል። በባሌ ተራሮች፣ በሐረና ጫካ የሚኖር አንድ ትልቅ እፉኝት ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ስም የወጣለት በ2016 ነው። ይህ እባብ ጣት የሚያክል፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ባልገረመ ነበር። ግን ትልቅ፣ መርዛማ፣ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ እፉኝት ነው። ስም የሰጡትም ተመራማሪዎች የተመሠረቱት በሙዚየም በተቀመጠ አንድ አሮጌ ናሙናና በፎቶግራፎች ላይ ነበር። የሐረና ሰው እባቡን ሳያውቀው አልቀረም፤ ከጫካው ጋር አብሮ የኖረ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ቆዳ ተጥሎ፣ ስንቱ ተረግጦ አፈር ሆኖ ይሆን?

እዚህ ላይ «ቆዳ አይቶ እባብ ማወቅ ይቻላል እንዴ?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ብዙ ሰው ቀለም ይፈልጋል። ቀለም ደግሞ የመጨረሻው አስተማማኝ ያልሆነ ምልክት ነው፤ የእባብ ቀለም አብዛኛው ያለው ከሥር በሚቀረው ሕያው ቆዳ ላይ ነው። የሚወልቀው የላይኛው ስስ ሽፋን ነው፤ ከጥቁር ጥለት በቀር ብዙም ይዞ አይሄድም። ርዝመትም ያሳስታል። እባብ ቆዳውን የሚያወልቀው ከከንፈሩ ጀምሮ፣ እንደ ካልሲ እየገለበጠ ስለሆነ ቆዳው ይለጠጣል። ሜትር ከሩብ የሆነ ቆዳ የአንድ ሜትር እባብ ሊሆን ይችላል። «እንዲህ የሚያህል ቆዳ አገኘሁ» ተብሎ በየመንደሩ የሚወራው ዘንዶ ግማሹ የተሠራው ከዚህ መለጠጥ ነው።

አስተማማኙ ቅርፊቱ ነው። የቅርፊት ቁጥርና አቀማመጥ እባቡ ሲያድግ አይለወጥም፤ ግልገሉም አዋቂውም ያው ነው። ለዚህም ነው የእባብ መለያ መጻሕፍት ከቀለም ይልቅ በቁጥር የሚሠሩት።

በመጀመሪያ ግን የእባብ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የእባብ ቆዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ቱቦ ሆኖ ይወጣል፤ የእንሽላሊት ግን ቁርጥራጭ ነው። በጭንቅላቱ በኩል ሁለት ትንንሽ ጥርት ያሉ መስታወቶች ይታያሉ። የዓይኑ ሽፋኖች ናቸው። እባብ የሚከደን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚሸፍነውም አብሮ ይወልቃል። ሊያወልቅ ሲል ዓይኑ ሰማያዊ የሚመስል ጉም የሚለብሰውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጀርባው ይታያል። ከሰውነቱ መሐል ላይ፣ ከሆድ ቅርፊት ጫፍ ተነሥቶ በጀርባ በኩል ዞሮ እስከ ሌላኛው ጫፍ ስንት ረድፍ አለ? ኮብራ ሃያ ገደማ ይኖረዋል። ጥቁር ማምባ ብዙ ጊዜ ከ23 እስከ 25። የቆላው ወፍራም እፉኝት ከ29 እስከ 41። ዘንዶ ከ70 በላይ ነው፤ እሱን በሌላ ማሳሳት አይቻልም። ቅርፊቱ ለስላሳ ነው ወይስ መሐሉ ላይ ሸንተረር አለው? የእፉኝት ቅርፊት እንደ ጎጆ ጣሪያ መሐሉ ጎላ ያለ ነው። የኮብራና የማምባ ለስላሳ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ያሉት ቅርፊቶች እንደ ንጣፍ ድንጋይ ሰፋፊ ናቸው ወይስ እንደ ጀርባው ደቃቅ? የአብዛኛው እፉኝት ጭንቅላት በደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነ ነው።

በጣም የሚናገረው ግን ማንም የማያየው የሆዱ ጎን ነው። ሆዱ ላይ በስፋት የተነጠፉት ቅርፊቶች ፊንጢጣው ጋ ያበቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጅራት ነው። ከጅራቱ ሥር ያሉት ቅርፊቶች ነጠላ ናቸው ወይስ ጥንድ?

ይህ ጥያቄ በሰሊጥ እርሻ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። በቆላው ሁለት እፉኝቶች አሉ። አንዱ ሲቆጣ እንደ ወናፍ የሚተነፍሰው ወፍራሙ እፉኝት ነው። ሌላው ትንሹ፣ ሰውነቱን እያጠፈ ጎኑን በጎኑ እየፈተገ እንደ መጋዝ የሚያሰማው ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው የጎኑ ቅርፊቶች አግድም ስለተደረደሩና ሸንተረራቸው ጥርስ ስላለው ነው። የሁለቱም ቅርፊት ባለ ሸንተረር ነው፤ የሁለቱም ጭንቅላት ደቃቅ ነው። የወፍራሙ ግልገል ከትንሹ አዋቂ ጋር በመጠን ይመሳሰላል። የጅራታቸው ሥር ሲታይ ግን የወፍራሙ ጥንድ ነው፣ የመጋዙ ነጠላ። ወፍራሙ የተነደፈውን እግር ያሳብጣል፣ ሥጋውን ይገድላል። መጋዙ ደም እንዳይረጋ አድርጎ በድድ፣ በአንጎል፣ በሆድ ያደማል። አንድን ወረዳ የሚያስቸግረው በብዛት የትኛው እንደሆነ ማወቅ የትኛው ማርከሻ፣ ምን ያህል፣ የት ይቀመጥ ለሚለው መልስ ይሆናል።

ሌላው ምሳሌ ከቤት ነው። አይጥ እየበላ በሰው ቤት ጥግ የሚኖረው ቡናማ የቤት እባብ ቅርፊቱ ለስላሳ፣ ረድፉም ብዙ ጊዜ ከ25 በላይ ነው። የማምባም ለስላሳ ነው፣ ረድፉም ይቀራረባል። ልዩነቱ ፊንጢጣውን የሚሸፍነው ቅርፊት ላይ ነው። የቤት እባቡ አንድ ሙሉ ነው፤ የማምባው ለሁለት የተከፈለ ነው። ይህን ማየት የሚችል ሰው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሌሊቱን በሰላም በመተኛትና ቤት ለቅቆ በመውጣት መካከል ያለውን ልዩነት ይሠራል። መርዝ የሌለውን እባብ በዱላ ጨርሶ አይጡን ለራሱ ያስቀረውም ገበሬ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ደግሞ ማንም በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ የለበትም። «ጭንቅላቱ ሰፋፊ ቅርፊት ያለው መርዝ የለውም» የሚል አባባል አለ። ውሸት ነው፤ ኮብራም ማምባም ጭንቅላታቸው ሰፋፊ ነው፤ ከእፉኝቶችም መካከል እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላቸው አሉ። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ምንም የማይመስል አንድ ወገን ደግሞ አለ፤ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን ወደ ጎን አውጥቶ የሚወጋ። የእሱን መርዝ የሚያረክስ ማርከሻም የለም። ቆዳው የዋህ ይመስላል። ለዚህ ነው ንባቡ ለሠለጠነ ዓይን መተው ያለበት፤ የመንደሩ ሰው ድርሻ ቆዳውን ማቆየት ነው።

ወደ ሕክምናው ሲመጣ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የተነደፈ ሰው ቆዳ ተፈልጎ እስኪገኝ አይጠብቅም። ጓሮ የተገኘው ቆዳ የነደፈው እባብ ላይሆን ይችላል፤ አንድ እባብ በዓመት ደጋግሞ ይገፈፋል፣ ግልገል ሲሆን ደግሞ ይበዛል፤ ቆዳው ከሳምንታት በፊት የወደቀ፣ ባለቤቱም ጎረቤት ቀበሌ የገባ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚያክመው ምልክቱን ነው። ለደሙ ደግሞ ርካሽ ፈተና አለ፤ ንጹሕና ደረቅ ተራ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ደም ተጨምሮ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቀመጥና ይዘነበላል። ካልረጋ መርዙ ደሙን አበላሽቶታል ማለት ነው። የሚያስፈልገው ቱቦና ሰዓት ብቻ ነው። ለተነደፈው ሰው የሚጠቅመው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መድረስ ነው። በምላጭ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ይጎዳል እንጂ አያድንም።

እንግዲህ የቆዳው ጥቅም ለዛሬው በሽተኛ ሳይሆን ለከርሞው ግዢ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

መሣሪያው ደግሞ የለም አይባልም። የኢትዮጵያ እባቦች ዝርዝር ከነመለያ ቁልፉ በ1993 ታትሟል፤ በ2010 ደግሞ ማልኮም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ተሳቢዎችና እንቁራሪት መሰል እንስሳት በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ለባለሙያ የተጻፉ ናቸው። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ቅርፊት ቆጥሮ የሚመረቅ የባዮሎጂ ተማሪ በየዓመቱ ይወጣል። ከወደቀ ቆዳ ዘረ መል ማውጣት እንደሚቻል ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቁጥር ያልፈታውን እሱ ይፈታዋል። በየቀበሌው ደግሞ በ2003 ከተጀመረው ፕሮግራም ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ ሰው ነው።

«እሷ ደግሞ ሥራ አንሷት ነው እባብ የምትሰበስበው?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ክትባት፣ እናቶች፣ ወባ፣ ሪፖርት፣ ሌላም ሪፖርት። በላይዋ ላይ አዲስ ቅጽ መጫን ክፉ ሐሳብ ነው፤ ቅጽ ለማስመሰል ይሞላል። ስለዚህ ሥራው የእሷ መሆን የለበትም። ቆዳ የሚያገኘው ገበሬ ነው፣ የሚያነበው ዩኒቨርሲቲ ነው። የእሷ ድርሻ ፖስታውን ተቀብሎ ማስተላለፍ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ለማንበብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ ይቀርባሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የሚል የባዮሎጂ ተማሪ አንድ ወረዳ ቢይዝ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዛሬ ማንም የሌለውን መረጃ ይዞ ይወጣል።

ሌላው ተቃውሞ «ቆዳ ያለው ሁሉ የሚነድፍ አይደለም፤ የሚነድፈውም ሁሉ ቆዳው አይገኝም» የሚል ነው። እውነት ነው። ቤት አጠገብ የሚኖረው ቆዳው ቶሎ ይገኛል፤ ሜዳ የሚኖረው ንፋስ ይወስደዋል። የሚወጣው ካርታ ያዘነበለ ይሆናል። ግን ከባዶ ወረቀት ይሻላል። ባዶ ወረቀት ይዞ ማርከሻ የሚገዛ ጨረታ የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው።

ስልክ ደግሞ አለ። በየቴሌግራም ቡድኑ የእባብ ፎቶ ሲለጠፍ «ኮብራ ነው»፣ «የለም ማምባ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ግማሹ ባልታየ ነገር ይምላል። ክርክሩ የማያልቀው ፎቶው ከሩቅ፣ ከላይ፣ ለማስደንገጥ የተነሣ ስለሆነ ነው። የወደቀ ቆዳ ግን አይሸሽም። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሦስት ፎቶ ይበቃዋል፤ ጭንቅላቱ ከጎን፣ የጀርባው መሐል በቅርበት፣ በሆዱ በኩል ደግሞ ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ። አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም ቢቀመጥ መጠኑ ይታወቃል።

ቆዳው ራሱ የሚቀመጠው ወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ከደረቀ ደግሞ እንደ ቅጠል ይሰበራልና ሳይታጠፍ ቢገባ ይመረጣል፤ የተጨማደደውን ለብ ባለ ውኃ አርሶ መዘርጋት ይቻላል። ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ፖስታው ላይ በእርሳስ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ የተገኘበት ቦታ፤ ጣሪያ፣ ካብ፣ እርሻ ወይም ጉድጓድ። የሰው ስም አያስፈልግም። እርሳስ የተባለው እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ስለሚጠፋ ነው። ሰሊጥ አጨዳ የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ክረምት የሚጠረገው ጎተራና የሚፈርሰው ካብ ብዙ ነው።